የአያቴን የጭቃ ቤት ሳላፈርስ እንዴት ላድነው? ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የቃሉ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ ቃሉ ወረዳ ውስጥ የአያቴ ቤት አለ። መሠረቱ ድንጋይ ነው። ግድግዳው በቋሚና በማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነው። ምሰሶው ወፍራም ጽድ ነው። መደቡ፣ ጎታው፣ ቆጡ ሁሉም እንዳለ አለ። ዱሮ ሳር ክዳን ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ነው። አያቴ ካረፉ ወዲህ ሰው አይኖርበትም።

ወንድሞቼ «ክረምት ሳይገባ በሲሚንቶ እንለስነው፣ ካልሆነ አፍርሰን ብሎኬት እናቁም» ይላሉ። እኔ ቤቱ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ባይሆን እንኳ ልኩና አሠራሩ ወረቀት ላይ ይቅር። ከጀርባ በኩል የግድግዳው ግርጌ ረግፎ ማገሩ ይታያል። አንዱ ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። አንድ ቋሚ ደግሞ ምስጥ የበላው ይመስለኛል። ሲሚንቶው ያዋጣል? ልኬቱንስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ግንበኛው ከደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ ቤቱ ይተርፋል። ሲሚንቶውን ግን እርሳው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ስትለስነው መተንፈሻውን ትዘጋበታለህ። ውሃው በስንጥቅ ይገባና መውጫ ያጣል። ከውጭ ያማረ ይመስላል፣ ከውስጥ ጭቃው እየላላ እንጨቱ ይበሰብሳል። ጥቂት ክረምት ቆይቶ ልስኑ ከነጭቃው ተገንጥሎ ይወድቃል።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ምን ያህል ይወጣል? ከጀርባ ያለው መሬትስ ከውስጡ ወለል ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

የቃሉ ልጅ

ቆርቆሮው አንድ ስንዝር እንኳ አይወጣም። አሸንዳም የለው። ከጀርባ ዳገት ነው፤ አፈሩ እየወረደ መጥቶ የመሠረቱን ድንጋይ ጭራሽ ሸፍኖታል።

ግንበኛው ከደሴ

በቃ፣ በሽታው እሱ ነው። ጭቃው ምንም አላጠፋም። የሳር ክዳን ጫፉ ወደ ውጭ ረዘም ይል ስለነበር ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጥለዋል። ቆርቆሮ ሲመታ ግን ለቁጠባ ተብሎ ያጥራል። ከጫፉ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ተመልሶ ግርጌውን ይረጫል። ያ ድንጋይ የተቀመጠው ጭቃው እርጥብ አፈር እንዳይነካ ነበር። አሁን ተቀብሯል።

ከክረምቱ በፊት ድንጋዩ እስኪታይ አፈሩን አንሳ። ከመሠረቱ ሥር ግን እንዳትወርድ፣ ግድግዳው ይከዳሃል። አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለህ ቦይ አውጣና ውሃውን ወደ ጎን መልሰው። ቆርቆሮውን ከግድግዳው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር እንዲወጣ አስረዝመው። ምርጊቱ ለመስከረም ይቆይ። ሰኔ ላይ የመረግከው ሳይደርቅ ሐምሌ ይደርስብሃል።

መልስ፦ አርክቴክቷ

ዶማ ከመነሳቱ በፊት ቤቱ ይለካ፣ አደራ። አንዴ ከተነካካ የነበረውን ማንም አያውቀውም።

መጀመሪያ ሜትሩን ሳትዘረጋ በእጅህ ንድፍ ሣል። ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ ከአንድ ጥግ ተነስተህ ሜትሩን ሳታነሳ ለካ፦ በር የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል፣ መስኮቱስ። ቁርጥራጭ ልክ ስትደማምር ስህተቱም ይደመራል። የክፍሉን ሁለቱንም ሰያፍ፣ ማለት ከአንዱ ጥግ እስከ ትይዩው ጥግ ያለውን፣ ሳትለካ አትውጣ። የገጠር ቤት ጥጉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሰያፉ ከሌለህ ቤት ገብተህ ስትሥለው አይገጥምልህም። ለከፍታው ውስጡ የሚታይ የውሃ ጎማ (ቱቦ) ውስጥ ውሃ ሙላ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሚቆም በዚያ ልክ ዙሪያውን ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች ለካ። ግድግዳው ማዘንበሉን በቱንቢ (ክብደት በታሰረበት ገመድ) እየው። ስትሥል 1 ለ 50 ይበቃል፣ ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ቤቱ ላይ 1 ሜትር ነው።

ስንጥቁን በዓይን አትገምት። ግራና ቀኙ ላይ ሚስማር ምታ፣ በመሃላቸው ያለውን ርቀት ከነቀኑ ጻፍ። በየወሩ ለካው። ካልሰፋ የቆየ ጠባሳ ነው፣ በጭቃ ይሞላል። ከሰፋ መሬቱ እየሄደ ነውና መሐንዲስ ይየው። የኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከሆነ ዋልካውን፣ ጥቁሩን ሸክላ አፈር፣ ጠርጥር፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ የኮምቦልቻው

እኔ ግን ጎረቤቴ ሽቦ መትቶ በሲሚንቶ ለስኖ ቆንጆ ሆኖለታል። በየዓመቱ ማን ይለቀልቃል?

መልስ፦ መምህሩ ከሐይቅ

ወንድሜ፣ ድካሙ እውነት ነው። የጭቃ ቤት ሰው ይፈልጋል። ባዶ ቤት ነው ቶሎ የሚወድቀው፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይ የለም። የቃሉ ልጅ፣ ከተቻለ አንድ ዘመድ ይግባበት፣ እሳትም ይንደድበት። ብሎኬቱንም በደንብ አስቡበት። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለችው ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፍርሷል። እኛ ያለነው እዚያው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ኮለንና ፌሮ (የኮንክሪት ምሰሶና ብረት) የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ዳገት ላይ አስተማማኝ አይደለም። በማገር የተያያዘ እንጨት ሲናወጥ ይተጣጠፋል።

ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘህ ቤቱን ዙር። ማን ሠራው? እንጨቱ ከየት መጣ? ዓመተ ምሕረት ብትጠይቃቸው ዝም ይላሉ፤ «ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ?» ብትላቸው ግን ጨዋታው ይመጣል። የእያንዳንዱን ክፍልና እንጨት ስም እነሱ እንደሚሉት ጻፍ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ አይጠገንም። የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

የቃሉ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለመስከረሙ ምርጊት አፈሩን ከየት ላምጣ? ምስጥ የበላውን ቋሚስ ሙሉውን ላውጣው?

ግንበኛው ከደሴ

አፈሩ እዚያው አለልህ። የረገፈውን ጭቃ ሰብስበህ ድንጋዩን ለይና ዝፈቀው፣ ከቤቱ ጋር የሚስማማ እሱ ነው። ካነሰህ ከቅርብ አፈር አምጥተህ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ሙላ፣ ውሃ ጨምረህ በጥብጥና አስቀምጠው። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ሸክላው ቀን ፈጅቶ ከላይ ይተኛል። ሸክላው ከበዛ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ጨምርበት። የጤፍ ጭድ በደንብ አግባበት፣ ለቀናት አቡካው፣ እየረገጥክ ውሃ እየመለስክበት። መጀመሪያ ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ሞክረው፤ ደርቆ ካልተሰነጠቀ ቀጥል።

ቋሚውን በቀጭን ብረት ከግርጌው ወደ ላይ እየወጋህ ፈትሸው። ብረቱ የሚገባው ድረስ ብቻ ነው የሞተው። ጣሪያውን አስቀድመህ በድጋፍ ያዝ። የበሰበሰውን ቆርጠህ ጤነኛውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው። እንጨት መቀጠል ካለብህ ወይራ ወይም ጽድ ፈልግ፣ ጥሬ ባሕር ዛፍ ግን አይሆንም።