አለቃዬ ሲጠራኝ እጄ ለምን ይቀዘቅዛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አለቃዬ «እስኪ ና» ባለኝ ቁጥር እጄ በረዶ ይሆናል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። የከተማው ብርድ አይደለም፣ እሱንማ ለምጄዋለሁ። ሰውየው ደግሞ ጨዋ ነው፣ ጮኾብኝ አያውቅም።

የሚጮኸው አባቴ ነበር። ያደግኩት መንዝ ነው። ማታ የቆርቆሮው በር ሲጢጥ ሲል እኔና እህቴ ጆሯችንን እናቆማለን። በርኖሱን አጥፎ ካስቀመጠ ሰላም ነው። መደቡ ላይ ከወረወረው ግን ደብተሬን ይዤ ወደ ጓዳ። እህቴ እዚያው ቤት አድጋ ማንንም አትፈራም፤ እንዲያውም በትንሹ ትንጨረጨራለች። ነገሩ ይያያዛል ወይስ ቦቅቧቃ ሆኜ ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ሁላችንም በአለንጋ ነው ያደግነው። ምን ሆንን? ስፖርት ሥራ፣ ይለቅሃል።

መልስ 2፦
ሳይኮሎጂ ስለተማርኩ ትንሽ ልበል። ስንደነግጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን በሰከንዶች ይለቀቃል፤ የእጅ ቆዳ ደም ስሮች ይጠብባሉ፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ግን ይዘገያል፤ ጣሪያ የሚነካው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ከቢሮው ወጥተህም ቶሎ የማትረጋጋው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የአባቱን ፊት እያነበበ ያደገ ልጅ ሰውነቱ በትንሽ ምልክት መነሳት ይለምዳል። የእህትህም አይገርምም። ተመሳሳይ ልጅነት ካሳለፉ ወጣቶች የአንዳንዱ ኮርቲሶል ከልክ በላይ ሲወጣ የሌላው ደንዝዞ ይገኛል።

«ምን ሆንን?» ላልከው፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ፌሊቲና አንዳ የሚባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። ያዩት መከራ በበዛ ቁጥር ሕመማቸውም በዝቶ ተገኘ። ሁሉም ይታመማል ማለት ግን አይደለም። ስፖርቱም አይከፋም፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

መልስ 3፦
የኔ ልጅ፣ እኔ የአንኮበር ሰው ነኝ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ። ቤት ውስጥ የምትሸሽበት ሰው ነበረህ? እሱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ አለቃህ ሲጠራህ «ስለምን ጉዳይ ነው ጌታዬ?» በል። ሰው የሚጨነቀው የሚመጣውን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ከባሰብህ ባለሙያ ጋ ሂድ፣ ነውር የለውም።

ጠያቂ፦
እትዬ፣ ጓዳ የምሸሸው እኮ ወደ አያቴ ነበር። «ተው አንተ!» ብለው አባቴን ዝም የሚያሰኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከጎናቸው ተቀምጬ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው ለማትሪክ ያጠናሁት። ነገ ሪፖርት አለኝ፣ እንዳሉኝ እጠይቀዋለሁ። እህቴንም አስነብባታለሁ፤ ከተቆጣች በእናንተ ነው።