የሕይወት መድን ኩባንያ አቅም የሚለካው በምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴ የጭነት መኪና ያሽከረክራል፤ እኔ በነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው አንድ የኢንሹራንስ ኤጀንት ለባለቤቴ የ500,000 ዶላር፣ ቁጠባም ያለበት የሕይወት መድን እንድንገባ አጥብቆ እየመከረን ነው። ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ ኩባንያውን ግን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ስለ አቅሙ ስጠይቀው «ኤ ማይነስ አለው፤ ቢወድቅም ስቴቱ ይከፍላችኋል» ብሎ አለፈው። ገንዘቡ የሚፈለገው ምናልባት ከ30 ዓመት በኋላ ስለሆነ ይህ መልስ አላረካኝም። ኩባንያው እስከዚያ ድረስ ቃሉን ለመጠበቅ የሚያስችል አቅም እንዳለው ተራ ሰው በምን ሊያውቅ ይችላል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከ2011 ጀምሮ ስከፍልበት የቆየሁትን የራሴን ውል ይመለከታል። የኩባንያው ደረጃ ዝቅ ማለቱን ሰምቻለሁ። ላቋርጠው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ (ቨርጂኒያ)

ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ «ኤ ማይነስ» የሚለውን የአቅም ደረጃ ለኩባንያው የሰጠው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ከ1899 ጀምሮ በመድን ኩባንያዎች ላይ ሲሠራ በቆየው በኤ ኤም ቤስት መለኪያ ኤ ማይነስ ከላይ 4ኛው ደረጃ ነው፤ በስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ መለኪያ ግን ያው ፊደል 7ኛው ነው። ስለዚህ ኤጀንቱ ከአራቱ ዋና ዋና ደረጃ ሰጪዎች (ከኤ ኤም ቤስት፣ ከስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ፣ ከሙዲስ እና ከፊች) የትኞቹ ኩባንያውን እንደመዘኑት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። አንዱ ብቻ መዝኖት ከሆነ ይህ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት ደረጃዎችም አብረው ይቅረቡልዎ፤ ለእኔ ዛሬ ከተሰጠው ፊደል ይልቅ ፊደሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሄድ መቆየቱ የበለጠ ይናገራል።

ደረጃው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የአሜሪካ የሕይወት መድን ኩባንያዎች በየዓመቱ ለስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ዝርዝር የሒሳብ መግለጫ ያስገባሉ፤ መግለጫውም ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው። በውስጡ የአምስት ዓመት ንጽጽር የሚባል ገጽ አለ። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ፦ የኩባንያውን የተስተካከለ ጠቅላላ ካፒታል (ከዕዳው ተርፎ የሚቀረውን ሀብት) እና ተቆጣጣሪው፣ ማለትም የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ፣ ኩባንያውን ሊረከብ የሚችልበትን የካፒታል ወለል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉት። ለምሳሌ ካፒታሉ 800 ሚሊዮን፣ ወለሉ 100 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ውጤቱ 800 በመቶ ነው። ውጤቱ ከ200 በመቶ በታች ሲወርድ ኩባንያው የማሻሻያ ዕቅድ የማቅረብ ግዴታ ይመጣበታል፤ ከ100 በታች ተቆጣጣሪው እንዲረከበው ይፈቀድለታል፤ ከ70 በታች ደግሞ መረከብ ግዴታው ይሆናል። አንዳንዶች ይህንኑ ስሌት ከ200 በመቶው መነሻ ላይ ሆነው ስለሚያሰሉት ያው ኩባንያ 400 በመቶ ተብሎ ሊቀርብ ይችላል፤ ሁለት ኩባንያዎችን ሲያወዳድሩ ስሌቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ይህን ቁጥር ለማስታወቂያ መጠቀም በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ከኤጀንቱ አይጠብቁት፤ ራስዎ ሊያሰሉት ይገባል።

ከዚያም ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። በመግለጫው ውስጥ ቦንዶች (ኩባንያው ገንዘብ ያበደረባቸው የብድር ሰነዶች) ከ1 እስከ 6 ተመድበው ይቀርባሉ፤ 1 እና 2 የተሻሉት ሲሆኑ ከ3 ጀምሮ ያሉት ከፍ ያለ አደጋ ያለባቸው ናቸው። ለእህት ኩባንያዎች የተሰጠ ብድር ከበዛ፣ ወይም የውሎቹ ኃላፊነት በጠለፋ መድን (መድን ሰጪው ራሱ በሚገባው መድን) ወደ ቤርሙዳ ወይም ወደ ካይማን ደሴቶች ወዳለ የራሱ ኩባንያ ከተላለፈ፣ ይህ ብቻውን ጥፋት ባይሆንም ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይገባል።

መልስ፦ የቀድሞ የመድን ሠራተኛ (ሎስ አንጀለስ)

ወንድሜ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ «ስቴቱ ይከፍላችኋል» በተባለው ላይ ላተኩር፤ እህታችንን ሊጎዳት የሚችለው እሱ ነውና። የሚከፍለው ስቴቱ ሳይሆን በስቴቱ ሕግ የተቋቋመ፣ ገንዘቡን ከሌሎች መድን ሰጪዎች የሚሰበስብ የዋስትና ማኅበር ነው። ይህን ዋስትና ደንበኛን ለማግባባት መጠቀም ለኤጀንት የተከለከለ ነው፤ ኤጀንቱ ሳያውቅ ተናግሮት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቃሉን ተመርኩዛችሁ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ። ዋስትናው ጣሪያም አለው፤ በሜሪላንድ ለሞት ካሳ 300,000 ዶላር፣ ለተጠራቀመው ቁጠባ ደግሞ 100,000 ዶላር ነው። ለባለቤትሽ የታሰበው 500,000 ከዚህ በላይ ነው።

ከጣሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የሰሜን ካሮላይናው ኮሎራዶ ባንከርስ ላይፍ በጁን 2019 በፍርድ ቤት ሥር ሲገባ የደንበኞቹ ገንዘብ ታገደ፤ የፈረሰው ግን በ2024 መጨረሻ ነው። የዋስትና ማኅበር ሙሉ ኃላፊነቱን የሚጀምረው ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲፈርስ ሲወስን በመሆኑ ደንበኞች ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቁ። የውድቀቱ ምክንያትም ከላይ የተነሣው ነው፦ የደንበኞቹ ገንዘብ በብዛት በባለቤቱ ሌሎች ኩባንያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር።

እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ የኤግዜኪዩቲቭ ላይፍ ታሪክ አይረሳም። ኩባንያው ከፍተኛ ወለድ እየከፈለ ብዙ ደንበኛ ሰበሰበ፤ ወለዱን የሚያገኘው ግን ጃንክ ቦንድ ከሚባሉት አደገኛ ቦንዶች ነበር። በ1990 መጀመሪያ ከቦንዶቹ ዋጋ ላይ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ መቀነሱን ሲያስታውቅ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሽቀዳደሙ፤ በኤፕሪል 1991 የስቴቱ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ጆን ጋራሜንዲ ተረከቡት። የቦንዶቹ ኪሳራ እስኪታወቅ ድረስ የነበረው ደረጃ ከፍተኛ ነበር። በአደጋ አካለ ስንኩል ሆነው የዕድሜ ልክ ክፍያ ይጠብቁ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ከሚገባቸው ያነሰ ተከፈላቸው። በዚያው ዓመት በጁላይ፣ ከ1845 ጀምሮ የነበረውና ባለቤቶቹ ደንበኞቹ ራሳቸው የሆኑት የኒው ጀርሲው ሚውቹዋል ቤኔፊት በሪል እስቴት ምክንያት ተንኮታኮተ። ዕድሜም ሆነ የባለቤትነት ዓይነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ኤጀንቱ ያሳያችሁ የወለድ ተስፋ ከሌሎቹ ኩባንያዎች ጎልቶ ከታየ፣ ያንን ትርፍ የሚያመጣው ምን ዓይነት ንብረት እንደሆነ ጠይቁት። 500,000 የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ 250,000፣ 250,000 አድርጋችሁ በሁለት የማይገናኙ ኩባንያዎች ብትከፍሉት እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ይሆናሉና። ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቁጠባ የሌለበት የ20 ዓመት ተርም ውል አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ) በጣም ያነሰ ነው፤ የተጠራቀመ ቁጠባ ስለሌለውም በኩባንያው እጅ የሚታገድ ገንዘብ አይኖራችሁም።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ትናንት ረቂቁን አገላብጬ ሳየው በማስታወቂያው ላይ ያለው ታዋቂ ስም እና በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ የተጻፈው የኩባንያ ስም አንድ አይደሉም። ይህ ችግር ነው?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ (ቨርጂኒያ)

የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዕዳው የማን እንደሆነ የሚወስነው ግርጌው ላይ ያለው ስም ነው። የኩባንያ ቡድን አንድ ስም ይዞ በሥሩ ብዙ ኩባንያዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ የአንዱ ካፒታል ለሌላው ዕዳ አይከፍልም። ለምሳሌ ፒኤችኤል ቫሪያብል ከ1851 ጀምሮ በነበረው ፊኒክስ በተባለው መድን ሰጪ ሥር የሚገኝ ኩባንያ ነበር፤ በሜይ 2024 የኮነቲከት ኮሚሽነር ሲረከቡት ለጊዜው ከ300,000 ዶላር በላይ የሞት ካሳ እንዳይከፈል ታገደ። ፊኒክስ በሚለው አንጋፋ ስም ተማምነው የገቡ ሰዎች ውላቸው ከየትኛው ኩባንያ ጋር እንደሆነ ያስተዋሉት ያኔ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ኩባንያ በብሔራዊው የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ማኅበር የተሰጠው ባለ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር አለው። በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ በዚያ ቁጥር ሲፈልጉ የኩባንያውን የሒሳብ አጭር መግለጫ እና የደንበኞች አቤቱታ መጠን ያገኛሉ፤ ለአቤቱታው 1.00 አማካይ ነው። ኤጀንቱ የነገርዎ ኤ ማይነስም የተሰጠው ለዚሁ ኩባንያ መሆኑን ያጣሩ።

መልስ፦ የቀድሞ የመድን ሠራተኛ (ሎስ አንጀለስ)

የ2011ዱ ውል ጥያቄ ስላልተመለሰ እሱን ልጨምር። ደረጃው ዝቅ አለ ተብሎ በድንጋጤ የሚቋረጥ ውል የለም፤ እህቴ፣ አዲሱ ጸድቆ በእጅሽ ሳይገባ የድሮውን አትተዪ። ከ2011 ወዲህ ዕድሜሽ ጨምሯል፤ ምናልባት የደም ግፊት ወይም ስኳር ተገኝቶብሽ ከሆነ አዲሱ ኩባንያ ሊከለክልሽ ወይም አረቦኑን ሊያስወድድብሽ ይችላል። በአዲስ ውል ላይ ደግሞ መድን ሰጪው ማመልከቻሽን መርምሮ ክፍያ ሊከለክል የሚችልበት የሁለት ዓመት ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ተርም ከሆነና ኩባንያው በፊደል ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለ እኔ ብሆን እቀጥላለሁ።

ቁጠባ ያለው ከሆነ ግን ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፊና ውሉ አሁን ባለበት ሁኔታ ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አዲስ ስሌት ጠይቂ፤ በየዓመቱ ለሞት ሽፋን የሚቆረጠውም ሒሳብ ተለይቶ ይውጣልሽ። የኩባንያ መዳከም ውድቀት ላይ ሳይደርስ ቀደም ብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ውሉ እስከ ፈቀደው ጣሪያ ድረስ ተቆራጩን ሒሳብ ከፍ፣ ወለዱን ዝቅ ያደርጋሉ። ስሌቱ ሲደርስሽ ካለፉት ዓመታት መግለጫዎች ጋር አስተያይተሽ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልን፤ የግል መረጃሽን ግን አጥፊው።