ጀግናው የት ሄደ? ተከታይ ቅጽ ለአንባቢው ያለበት ዕዳ

ሌሊት አንባቢ፦ የኡርሱላ ሌ ጉዊንን «የአቱአን መቃብሮች» ትናንት ሊነጋ ሲል ጨረስኩት፤ ያጣሁት እንቅልፍ አይቆጨኝም። ግን አንድ ነገር ላከራክራችሁ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ሲሆን በ1968 የወጣው «የምድረ ባሕር አስማተኛ» ተከታይ ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ወደ ሁለተኛው የሚገባው ጌድን በልቡ ይዞ ነው፦ ያንን ፍየል ጠባቂ ልጅ፣ በትዕቢቱ የለቀቀው ጥላ ከደሴት ደሴት ያሳደደውን። ሁለተኛውን ስትከፍቱ ግን ጌድ የለም። ባሕሩም የለም። በበረሃ መካከል ባለ የመቃብር ስፍራ፣ ስም ለሌላቸው ኃይሎች አገልጋይነት የተሰጠች ተናር የምትባል ልጅ አለች፤ ስሟን እንኳ ወስደውባታል። አራት ምዕራፍ ሙሉ ጌድ ብቅ አይልም። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ረሳሁት፣ በኋላ ሲመጣ «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ደራሲ በተከታዩ ቅጽ የወደድነውን ጀግና ገሸሽ የማድረግ መብት አለው? እኔ አለው እላለሁ፤ እንዲያውም ጥሩ ተከታይ የሚታወቀው በዚህ ድፍረት ነው።

ኮምጣጣው፦ መብትማ አለው፤ ብዕሩ የራሱ ነው። እኔም መጽሐፉን የመዝጋት መብት አለኝ፤ ዘግቼዋለሁም። እህቴ፣ ተከታታይ ልብ ወለድ ከሌላው በምን ሊለይ ኖሯል? አንድ ሰው ወድጄ፣ «እንገናኛለን» ተባብለን ተለያይተናል። በቀጠሮው ቦታ ስደርስ የማላውቃት ልጅ ተቀምጣ ታሪኳን ትነግረኛለች። ታሪኳ ያማረ ሊሆን ይችላል። የመጣሁት ግን ለእሷ አልነበረም። አዲስ ሰው ሊያስተዋውቀን የፈለገ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ይጻፍ፤ ሽፋኑ ላይ የአሮጌውን ስም እየለጠፈ አይሽጥልኝ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፦ ኮምጣጣው የሚለውን በሥራዬ ላይ በየጊዜው እሰማዋለሁ። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ሁለተኛውን ቅጽ ወስደው በማግስቱ ይመልሱታል። ምን ሆነ ስላቸው «እሱ የለበትም» ይሉኛል። ሰነፎች ሆነው አይምሰላችሁ፤ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ነፍስ ለነፍስ የሚተሳሰሩበት ዕድሜ ነው። አሁን አሁን መጽሐፉን ሳስይዛቸው «ይዘገያል እንጂ ይመጣል» እላቸዋለሁ። ይህን ከሰሙ ይታገሣሉ። ምናልባት አንባቢው የተቀየመው በመቅረቱ ሳይሆን ማንም ባለመንገሩ ይሆን?

አርታኢው፦ ከመንገርም ያለፈ ነገር አለበት። የትረካውን አንጻር ተመልከቱ። ጌድ ሲመጣ የምናየው በተናር ዓይን ነው። ለእሷ እርሱ ብርሃን ክልክል በሆነበት የምድር ውስጥ ጨለማ በትሩን አብርቶ የገባ ሌባ ነው። መውጫውን ትዘጋበታለች፤ ከላይ በቀዳዳ እያየች በውኃ ጥም ሲዳከም ትመለከተዋለች። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ እኛ ግን ከነልጅነቱ፣ ከነጠባሳው እናውቀዋለን። ይህ ሁሉ እውቀት ይዘን፣ ለልጅቱ ልንነግራት ሳንችል በቀዳዳው አጠገብ ያስቀምጠናል። እኔ ከዚህ የበለጠ ልብ ሰቀላ በጥቂት መጻሕፍት ነው ያየሁት። የመጀመሪያውን ቅጽ ያላነበበ ሰው ትዕይንቱን ያነበዋል እንጂ አይጨነቅበትም። እንግዲህ ይህ ተከታይነት ካልሆነ ተከታይነት ምንድን ነው? «የአሮጌውን ስም ለጠፈ» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ኮምጣጣው፦ አሳምረህ ተናገርክ። ግን ወደዚያ ቀዳዳ እስክንደርስ ያለውን መንገድ ዘለልከው። የቤተ መቅደስ ሥርዓት፣ የካህናቱ መጠማመድ፣ በጨለማ ውስጥ ግራና ቀኝ እየቆጠሩ መሄድ! አርታኢ ስለሆንክ ለትዕግሥትህ ይከፈልሃል፤ እኔ የማነበው በራሴ ጊዜ ነው።

አርታኢው፦ ይከፈለዋል ያለህ ማን ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ደግሞ ሁለታችሁንም ልቃወም። ጀግናዋን ሳይለቅ የቀጠለ ተከታይ አለላችሁ። ሱዛን ኮሊንስ የ«ረሃብ ጨዋታዎች»ን ሁለተኛ ቅጽ በ2009 ስታወጣ ካትኒስን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰጠችን፤ ተራኪዋም ራሷ ናት። (አስማት የለበትም እንዳትሉኝ፤ የሚያነቡት ልጆች እነዚያው ናቸው።) ከዚያስ? መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ልጅቷ ወደ መገዳደያው ሜዳ ተመልሳ ትገባለች። ትልቋ ልጄ «ይህን እኮ አንብቤዋለሁ» ብላ ወረወረችው። ትንሿ ከመጀመሪያው አስበልጣ ወደደችው። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ በዚህኛው ጊዜ ወደ ሜዳው የሚገቡት ከዚህ በፊት ያሸነፉ ሰዎች ስለሆኑ ነው አለችኝ፤ ማሸነፍ እንደማያድን ሁሉም ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር! ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሁለተኛ ቅጽ የምመዝነው በእሷ ሚዛን ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የተገኘው ድል ምን እንዳስከፈለ ካልነገረኝ፣ ጀግናው በየገጹ ቢንጎራደድ ምን ሊረባኝ?

ዳር ቆሚ፦ ስለ መጠበቅ የሚናገር የለም ማለት ነው? ፊሊፕ ፑልማን የሦስት ቅጾቹን ሁለተኛ በ1997 ሲያወጣ መጨረሻው ላይ የመጀመሪያውን ቅጽ ጀግና ላይራን አስጠልፎብን ሄደ፤ ሦስተኛው የመጣው በ2000 ነው። እርሱም ሁለተኛውን ቅጽ የጀመረው ዊል በሚባል ሌላ ልጅ ነው፤ በዊል ላይ ቅሬታ የለኝም። ሦስቱን ዓመት ግን ማን ይመልስልኝ?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፦ የጠበቅኸው መጽሐፍ እኮ የ2001ን የዊትብሬድ የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማት ወስዷል፤ ለልጆች ከተጻፉት የመጀመሪያው ነው።

ዳር ቆሚ፦ ሽልማቱ ለእኔ አልተሰጠኝም።

ሌሊት አንባቢ፦ ወደ ኮምጣጣው ልመለስ። «የማላውቃት ልጅ» ብለሃል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ አስታውስ። የጌድን መንደር ሊዘርፉ የመጡት፣ ልጁ ጭጋግ ጠርቶ ያሳታቸው ወታደሮች እነማን ነበሩ? ካርጎች። ተናር ካርግ ናት። ደራሲዋ በ1968 ጦር አስይዛ ያሳየችንን ጠላት፣ በ1971 ወደ ቤቱ አስገብታ ከልጆቹ አንዷን አሳደገችልን። ቀለበቱም አለ። ጌድ ወደ መቃብሩ የሚወርደው የተሰበረ ቀለበት ግማሽ ፍለጋ ነው፤ ሌላኛውን ግማሽ የሰጠችው በመጀመሪያው ቅጽ በአንዲት ጠፍ አሸዋማ ደሴት ላይ የተጣለች አሮጊት ናት። እርሱም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነበር የተቀበላት። እኔም እንደ እርሱ አላወቅኩም፤ ያንን ገጽ በጥድፊያ አልፌው ኖሮ ትናንት ሌሊት ተነሥቼ መጀመሪያውን መጽሐፍ ፈለግኩ። በመጀመሪያው ቅጽ ኪስ ውስጥ የተረሳ ነገር በሁለተኛው ሲወጣ የሚሰጠው ደስታ በአንድ መጽሐፍ አይገኝም።

ኮምጣጣው፦ ካርጎቹን ረስቻቸው ነበር። ይህ ትንሽ ያሳፍራል፤ ያንን ምዕራፍ በቃሌ እወጣዋለሁ ብዬ ስፎክር ነው የኖርኩት። ቢሆንም አቋሜን አልለቅም። ያልሽው ሁሉ የሚገባው ጨርሶ ላነበበ ነው። መጽሐፍ አንባቢውን እስከዚያ ድረስ መያዝ ያለበት በራሱ ገመድ ነው፤ በኋላ የሚገለጥ ቀለበት በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አዛጋ ያለን ሰው አይቀሰቅስም።

አርታኢው፦ ይህኛው ትክክል ነው። አልከራከርህም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ካነሣችሁት አይቀር፣ አራተኛውም ቅጽ አለ። ሦስተኛው በ1972 ወጥቶ ሁሉም ነገር አበቃ ከተባለ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ «ተሃኑ» መጣ። ተናር ባሏ የሞተባት የእርሻ ቤት እመቤት ሆናለች፤ ጌድ ኃይሉን ጨርሶ ተመልሷል። ልጅ ሆኜ ሳነበው ጠላሁት። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ሳህን ማጠብ ነበር፤ እኔ የምፈልገው ዘንዶ። ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ ደግሜ አነበብኩትና ስለ ሳህኑ የተጻፈው ላይ አለቀስኩ። ኮምጣጣው፣ ጀግናህ እዚያ ሙሉ በሙሉ አለልህ፤ ግን እንዲያ ሆኖ ልታየው ትፈልጋለህ?

ኮምጣጣው፦ አልፈልግም። ደግሞም ስለነገርሽኝ ተቀይሜሻለሁ፤ እሱን ገና አላነበብኩትም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ውይ፣ ይቅርታ! ዘንዶም አለበት።

ኮምጣጣው፦ ለዘንዶው ሲባል ይቅር ብያለሁ። ሌሊት አንባቢ፣ ሁለተኛውን ከአምስተኛው ምዕራፍ ብጀምረው አይሆንም?

ሌሊት አንባቢ፦ አይሆንም። አራቱን ምዕራፍ ካላነበብክ በቀዳዳው የምታየው ዓይን የማን እንደሆነ አታውቅም።

ኮምጣጣው፦ እሺ፤ እያጉረመረምኩ አነባቸዋለሁ። ማጉረምረሙ አይከለከልም አይደል?