የተወረሰው ትርፍ ቤት ለወራሾች ይመለስ? (ክርክር)

አወያዩ፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት መርጦ እንዲይዝ ፈቀደ፤ የቀረውን «ትርፍ ቤት» ብሎ ወረሰ። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቤቱ ለወራሾች ይመለስ፣ ካሳ ይከፈል ወይስ ባለበት ይቅር? ባለፈው «አድኃሪ» እና «ቀማኛ» የተባባላችሁ ሰዎች ዛሬ በማስረጃ ተከራከሩ።

ከዋሽንግተን፦ እኔ ወራሽ ነኝ፤ አልደብቅም። አያቴ መኳንንት አልነበሩም፤ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ጉለሌ በሚገኘው ግቢያቸው ከትልቁ ቤት ጀርባ ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተው ያከራዩት ለእርጅናቸው መጦሪያ ብለው ነው። አዋጁ ሲወጣ ትልቁን ቤት መረጡ፤ ክፍሎቹ የቀበሌ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የተረፈንን ቤት ይዞ መቆየት ራሱ ሥራ ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን ማን ገባ፣ ማን ወጣ እየተባለ በአንድ በር ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ስንገባና ስንወጣ ኖርን። ወንዶቹ በሱዳን በኩል ሲሰደዱ ቤቱ ባዶ ከተገኘ ይወረሳል ተብሎ ስለተፈራ አንዲት አክስቴ ቀረች። ትዳር ሲመጣላት «ቤቱን ለማን ትቼ?» እያለች ቤት ስትጠብቅ አረጀች። ይህ በየትኛው የካሳ ቀመር ይሰላል?

የጉለሌው፦ የአክስትህ ነገር ያሳዝናል፤ ግን አንተው ራስህ መሰከርክ እኮ። መኖሪያ ቤታችሁ አልተወረሰም። የተወረሰው ኪራያችሁ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ከደመወዙ ግማሹን ለአከራይ ሰጥቶ በቀረው ልጆቹን ያሳድግ ነበር። አዋጁ የዝቅተኛውን ቤት ኪራይ በግማሽ ሲቀንስለት ቤታችን ውስጥ እልል ተብሏል። የዚያን ቀን ደስታ ዛሬ ማንም ስሕተት ነበር ቢለኝ አልቀበለውም።

ከዋሽንግተን፦ ጋሼ፣ ሌላ ገቢ የሌላት ባልቴት ኪራይዋን ከወሰዱባት ያንን አንድ ቤትስ በምን ታድሰዋለች? በምንስ ትበላለች? ኪራይን ከቤት ለይቶ ማየት ሁለቱም ላልነበረው ሰው ቀላል ነው።

ጠበቃው፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተደባለቁ ስለሆነ ልለያቸው። አንደኛው በአዋጁ መሠረት የተወረሰ ትርፍ ቤት ነው። ሁለተኛው ከአዋጁ ውጪ፣ አንድ ካድሬ ወይም ሹም «ልቀቁ» ብሎ የነጠቀው ቤት ነው። ያለ አግባብ የተወሰደው ንብረት እንዲታይ በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ወጥቶ ነበር፤ ብቸኛ መኖሪያውን የተነጠቀ ሰው በዚያ መንገድ የመጠየቅ መብት አገኘ። በአዋጅ 47 መሠረት ለተወሰደው ግን ያ በር አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ለወራሾች የሚጠቅም፣ ብዙ ሰው የማያነሣው ነጥብ አለ። አዋጅ 47 ራሱ ለቦታው ካሳ የለም ቢልም ለትርፍ ቤቱ ተገቢ ካሳ ይከፈላል ይላል። ደርግ የራሱን ሕግ አላከበረም ማለት ነው። የእኔ አቋም ከዚህ ይነሣል፦ መመለስ የለም፣ ካሳ ግን ዕዳ ነው። «ይመለስ» የሚሉት ምን እንደሚመለስላቸው ያሰቡበት አይመስለኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በእጃቸው የሚገባው የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ነው። የዛሬው ዋጋ ያለው ቦታው ላይ ነው።

እትዬ አራት ኪሎ፦ የዛገው ቆርቆሮ የእኔ ነው፤ በክብር ጥሩት። በ1969 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ገባን። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ልጆቼን እዚያው ወለድኩ፣ ባለቤቴንም ከዚያው ቀበርኩ። ጣሪያው ሲያፈስ «ቤቱ የመንግሥት ነው» ይሉኛል፤ መንግሥት ግን መጥቶ አያውቅም፤ በራሴ ገንዘብ ቀየርኩት። በእኛ ሠፈር ለመልሶ ማልማት የተነሡት ጎረቤቶቼ ኮንዶሚኒየም ቀርቦላቸው ቅድሚያ ክፍያውን ያጡ ነበሩ። አንተ ልጄ፣ አክስትህ ቤት ጠበቀች ትላለህ። እኔስ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሃል?

ከዋሽንግተን፦ እትዬ፣ እርስዎን ከቤትዎ የሚያስወጣ ሐሳብ እኔም አልደግፍም። ጠቡ ከመንግሥት ጋር ነው። ቼኮዝሎቫኪያ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወረሰ ቤት የሚመለስበትን ሕግ አውጥታለች። ጀርመንም ከውሕደቱ በኋላ በምሥራቁ ክፍል ይመለስ ብላለች። እኛ ለምን አንችልም?

ጠበቃው፦ የጀርመኑን ምሳሌ ባታነሣው ይሻልህ ነበር። በምሥራቁ ክፍል ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስኪጣራ ብዙ ቤት ሳይታደስ ተቀመጠ፤ ተከራዩም አይቶት የማያውቅ አከራይ መጣበት። ሃንጋሪ ቤቱን አልመለሰችም፤ ከፊል ካሳ በሰነድ ሰጠች። ለእኛ የሚቀርበው የሃንጋሪው መንገድ ነው።

የጉለሌው፦ እኔን የሚገርመኝ ታሪክ ሁልጊዜ ከ1967 መጀመሩ ነው። አያትህ ያንን ቦታ ከመግዛታቸው በፊት እዚያ የጉለሌ ኦሮሞዎች ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንት ሲታደል እነርሱን ማን ካሳቸው? ወደ ኋላ እንመለስ ካልን የት ላይ እንቁም?

ከዋሽንግተን፦ የቀደመው በደል አልተካሰም ተብሎ የኋለኛው አይካስም? እንዲህ ከሆነ ማንም ምንም አይጠይቅ።

አወያዩ፦ የከተማዋ አመሠራረት ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እንይዘዋለን። ወደ ካሳው ተመለሱ፤ ማን ይክፈል?

የጉለሌው፦ ግብር ከፋዩ ነዋ! ማለትም የአያቱን ቤት ኪራይ በዋሽንግተን ለሚኖር ሰው እትዬ ይክፈሉ ማለት ነው።

ከዋሽንግተን፦ ኪራዩን ሃምሳ ዓመት የሰበሰበው ክፍል ይክፈል። ቀበሌው ከእነዚያ ክፍሎች ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል፤ በደረሰኝ የተመዘገበ ነው፤ ከዚያ ይቀነስ።

እትዬ አራት ኪሎ፦ የእኔ ኪራይ በወር ሰባት ብር ነው።

ጠበቃው፦ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢከፈል 4,200 ብር ይሆናል።

እትዬ አራት ኪሎ፦ እኔ ለጣሪያው ብቻ ያወጣሁት ከዚህ ይበልጣል። ካሳ የሚሰጥ ከሆነ መዝገቡ ላይ እኔንም ጻፉኝ።