በዝናብ ወራት ሜክሲኮ ሲቲን መጎብኘት ይቻላል ወይስ ጉዞውን ላዛውረው?

መንገደኛዋ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ከእናቴ ጋር ከሐምሌ 28 እስከ ነሐሴ 8 (በፈረንጆቹ ከኦገስት 4 እስከ 14) ሜክሲኮ ሲቲን ለመጎብኘት አቅደን ትኬት ለመቁረጥ በተዘጋጀሁበት ሰዓት፣ ከተማዋን የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በዚያ ወር ጎዳናው ሁሉ ውኃ ነው፤ ምን ልታዩ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ልቤን ከፈለው። የጉዞ ድረ ገጾቹ ወራቱን «ሰመር» እያሉ ስለሚጠሯቸው እኔ የጠበቅሁት ጠራራ ፀሐይ ነበር። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጤናዋ ደኅና ቢሆንም ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም ደረጃ መውጣትም ሆነ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ መጠለል አይሆንላትም።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ የሚውል ነው ወይስ ሰዓት አለው? የአንትሮፖሎጂ ሙዚየሙን፣ የቴዎቲዋካንን ፒራሚዶችና የሶቺሚልኮን ጀልባዎች ሳናይ መመለስ አንፈልግም። ይህ በዝናብ ወራት የማይሳካ ከሆነ ጉዞውን ወደ ኖቬምበር እገፋዋለሁ፤ ሆኖም የዓመት ፈቃዴን ማዛወር ቀላል ስላልሆነ ያለ በቂ ምክንያት ባላደርገው እመርጣለሁ።

ደጋማው፦
በከተማዋ አራት ዓመት ያህል ኖሬያለሁና ትኬትዎን ይቁረጡ ብዬ ልጀምር። ባልደረባዎ አልዋሹም፤ ነገር ግን የነገሩዎት ስለ አመሻሹ ብቻ ነው፤ ጠዋቱን ትተውታል።

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሜክሲኮዎች «ቬራኖ» የሚሉት ወቅት በእኛ አነጋገር ክረምት ነው። ዝናቡ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ጀምሮ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል፤ የዓመቱ ሞቃት ወራት ደግሞ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ያሉት ኤፕሪልና ሜይ ናቸው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኦገስት ቀን ላይ ሙቀቱ ከ23 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፣ ሌሊት ግን ወደ 12 ወይም 13 ዲግሪ ይወርዳል። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ብቻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በሁለተኛው ቀን ሹራብ ፍለጋ ገበያ ይወጣል።

ጠዋት ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ አየሩም ዝናቡ ስላጠበው ከደረቁ ወራት ይልቅ ንጹሕ ነው። ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት በኋላ (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) ደመናው በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ መቆለል ይጀምራል፤ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ዶፉ ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ከበረዶ ጋር። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከጣለ በኋላ ያባራል ወይም ወደ ካፊያ ይለወጣል። ዝናቡ መቃረቡን ለማወቅ ሰማይ ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ ከሜትሮ ጣቢያዎች መውጫ ላይ የስልክ ገመድ ሲሸጥ የነበረው ልጅ ዕቃውን ሰብስቦ ዣንጥላና የላስቲክ ካፖርት መዘርጋት ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ቢቀርዎት ነው።

ከዚያች ከተማ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ የቀረው፣ ዶፉ ሲመጣ ሰው ሁሉ በታኮ (በበቆሎ ቂጣ የሚጠቀለል ሥጋ) መሸጫዎቹ ላስቲክ ሥር መጠጋጋቱ ነው። ውኃው በላስቲኩ መሐል ተጠራቅሞ እንደ ቁርበት ስልቻ ይንጠለጠላል፤ ባለቤቱ ሥጋውን መክተፉን ሳያቋርጥ በሌላ እጁ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ገፋ ሲያደርገው ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ይገለበጣል። አዲስ እንግዳ የሚለየው ያን ጊዜ ከዳር የቆመ እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ከወገቤ በታች ረጥቤ ተምሬዋለሁ።

ስለዚህ ቀኑን ለሁለት ይክፈሉት። ጣራ የሌለውን ሁሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ይጎብኙ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጣራ ሥር ይግቡ። የአንትሮፖሎጂ ሙዚየሙ ለከሰዓት በኋላ የተሠራ ይመስላል (ሰኞ ዝግ መሆኑን አይርሱ)። በፈረንጆቹ በ1964 የተከፈተው ይህ ሕንፃ፣ ግቢው መሐል በአንድ ዓምድ ላይ ብቻ የቆመ ግዙፍ ጣራ አለው፤ ሰዎቹም «ዣንጥላው» ይሉታል፤ ከጣራው እምብርት በዓምዱ ዙሪያ ውኃ እንደ መጋረጃ ስለሚወርድ ውጭ ዶፍ ሲሆን ሁለቱን ዝናብ ጎን ለጎን ያያሉ። ከሙዚየሙ ደጅ የቆመውን ትልቅ ድንጋይ እናትዎ ያሳዩልኝ፦ የዝናብ አምላክ የነበረው የትላሎክ ምስል ነው ይባላል። ከ160 ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ ድንጋይ በኤፕሪል 1964 ከኮአትሊንቻን መንደር በከባድ ተሳቢ ተጭኖ ሲገባ፣ ወቅቱ ሳይሆን ኃይለኛ ዝናብ መጣሉን የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

የቱቦ ነገር፦
ሙያዬ ከፍሳሽ ማስወገጃ ጋር የተያያዘ ስለሆነና ለሥራ ሁለት ክረምት እዚያ ስላሳለፍሁ፣ ከላይ የተጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጎብኚው ችግር ዝናቡ ሳይሆን ከዝናቡ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ የተሠራችው በሐይቅ አልጋ ላይ ሲሆን ተፋሰሱ በተፈጥሮው መውጫ የለውም። በፈረንጆቹ በ1629 የተነሣው ጎርፍ ከተማዋን ለአምስት ዓመት ያህል ውኃ ውስጥ አቆይቷታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኳ ውኃውን ከተራራው ማዶ ለማስወጣት የተደረገ ትግል ነው ማለት ይቻላል፦ በ1900 ታላቁ ቦይ ተመረቀ፣ በ1975 ጥልቁ የፍሳሽ መስመር ሥራ ጀመረ፣ በ2019 ደግሞ 62 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምሥራቁ ዋሻ ተከፈተ። ነገር ግን የከርሰ ምድር ውኃ ተስቦ በመውጣቱ ከተማዋ ራሷ እየሰመጠች ነው፤ አንዳንድ ሠፈር በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። መሬቱ ወጥ ሆኖ ስለማይሰምጥ ቱቦው ቁልቁለቱን ያጣል፣ የእግረኛው መንገድም ይጎብጣል። ለዚህ ነው ጥልቀት የሌለው የሚመስል ኩሬ ቁርጭምጭሚት የሚውጠው፤ እናትዎ ኩሬ ረግጠው እንዳያልፉ፣ ዞረው እንዲሄዱ ያድርጉ።

የመንገዶቹን ስም ልብ ይበሉ። «ሪዮ» ማለት ወንዝ ነው፤ «ሪዮ ቹሩቡስኮ»፣ «ሪዮ ኮንሱላዶ» የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች በቱቦ በተቀበሩ ወንዞች ላይ የተነጠፉ ናቸው፤ ቪያዱክቶ የሚሉትም እንዲሁ የፒየዳድ ወንዝን መስመር ይከተላል። በዶፍ ጊዜ ውኃው የድሮ ቤቱን አይረሳም፤ ከድልድይ ሥር የሚያልፉ ዝቅተኛ ቦታዎች ተሞልተው መኪና ይቆማል። በዚያ ሰዓት በስልክ የሚጠራ ታክሲ ዋጋው ይንራል፤ መምጣቱም አጠራጣሪ ነው። ሜትሮውም ቢሆን ይዘገያል፤ አብዛኞቹ መስመሮች ላይ ባቡሩ የሚሄደው በጎማ ስለሆነ ከመሬት በላይ ባለው ክፍል ሐዲዱ ሲረጥብ እንዳይንሸራተት ፍጥነቱን ይቀንሳሉ። ከታስኬኛ ወደ መሐል ከተማ የሚመጣው 2ኛው መስመር ይህ በግልጽ ይታይበታል። ዋጋው 5 ፔሶ ብቻ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ወደ ሆቴል ለመሮጥ አይሞክሩ፤ ባሉበት ይቀመጡ፣ ቡና ይዘዙ፣ ካባራ በኋላም ጥቂት ይቆዩ። ወደ አገር የምትመለሱበትን በረራ ደግሞ በምሽት አያድርጉት፤ ነጎድጓድ ሲኖር በረራዎች ይዘገያሉና ጠዋቱ ይሻላል።

አልማዝ ከሩቅ፦
ሁለቱም ወንድሞቼ በጻፉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዝናቡ ሁልጊዜ ሰዓት አክባሪ ነው ተብሎ እንዳይታመን እፈራለሁ። ወራቱ የባሕር ላይ ማዕበል የሚበዛባቸውም ናቸው፤ በፓስፊኩ ወይም በባሕረ ሰላጤው በኩል ማዕበል ሲነሣ፣ ደመናው ተራራውን ተሻግሮ ሁለት ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ሊያካፋ ይችላል። እኔን ያጋጠመኝ በሁለተኛው ቀኔ ነበርና ቴዎቲዋካንን ለመጨረሻው ቀን አስቀምጨው ቢሆን ኖሮ ሳላየው እመለስ ነበር። ዋናውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨርሱ፣ ባዶ ቀን ይተዉ። ሶቺሚልኮም በጠዋት ይሁን፤ ጀልባዎቹ ጣራ አላቸው፣ ነገር ግን ጎናቸው ክፍት ስለሆነ ዝናቡ በነፋስ ታጅቦ ሲመጣ ጣራው ጌጥ ብቻ ነው።

መንገደኛዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ኖቬምበርን ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ቴዎቲዋካን ላይ እናቴ እንዴት ትሆናለች? ሁለተኛው፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ እናቴ ትጾማለች፤ የሚጾም ምግብ ታገኛለች?

ደጋማው፦
ቴዎቲዋካን ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አውቶቡሱ ከሰሜኑ መናኸሪያ ይነሣል። ጠዋት በር ሲከፈት ይድረሱ። የሙታን ጎዳና የሚሉት ዋናው መንገድ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና በመሐሉም ደረጃዎች ስላሉት እናትዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያስኬዷቸው፤ በፀሐይ ፒራሚድ አቅራቢያ ባለው በር ገብተው 65 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሕንፃ ከግርጌው ቢያዩት ይበቃል። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ጠዋት ፀሐዩ ያቃጥላልና ያው ዣንጥላ ያገለግላል። ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይውጡ፤ መብረቅ ባለበት በዚያ ሜዳ ላይ መገኘት አያስፈልግም።

ጾሙን በተመለከተ ወቅቱ ለእናትዎ ያደላል። ዝናቡ የሚያመጣቸው የጫካ እንጉዳዮችና በበቆሎ እሸት ላይ የሚበቅለው ጥቁር ፈንገስ፣ ዊትላኮቼ የሚሉት፣ ገበያውን የሚሞሉት በእነዚህ ወራት ነው። ዊትላኮቼ መልኩ አያምርም፣ ጣዕሙ ግን እንጉዳይ እንጉዳይ ይላል። በዋና ከተማዋ «ኬሳዲያ» (የታጠፈ ቂጣ ነው፤ ስሙ «ኬሶ» ከሚለው፣ ከአይብ የመጣ ነው) ሲባል አይብ ይኖረዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ቦታ አይብ የሚጨመረው ከተጠየቀ ብቻ ነው፤ የሌላ ክፍለ ሀገር ሜክሲኮዎች በዚህ ይሥቁባቸዋል። በባቄላ የሚሞላው የበቆሎ ቂጣ ትላኮዮና የቁልቋል ቅጠሉ ኖፓልም ይጾማሉ። መጠንቀቅ ያለብዎት ከማንቴካ ነው፤ የአሳማ ስብ ነው፣ የተፈጨው ባቄላ ውስጥም ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ዓይን አይለየውም። «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ማንቴካ» የሚለውን (ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ አሳማ ስብ ማለት ነው) በስፓኒሽ ፊደል በወረቀት ጽፈው እናትዎን ያስይዟቸው። ወረቀቱን ግን በላስቲክ ይሸፍኑት።