ልጁ ለሂሳብ መዝጊያ ይሸጣል? የኤሊዮት አንደርሰን ዝውውር ያስነሳው ክርክር

የኒውካስል ደጋፊ፦
ኤሊዮት አንደርሰንን ከሸጥን ቆየን፤ እኔ ግን ዛሬም ከልቤ አልወጣልኝም። የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። አካዳሚያችን የገባው በ8 ዓመቱ ነው። በ2024 ክረምት፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ወደ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀብለን ለኖቲንግሃም ፎረስት አሳልፈን ሰጠነው። አሰልጣኙ አልፈልገውም አላለም። ልጁም ልሂድ ብሎ አላስቸገረም። ጁን 30 ደረሰ፣ የሂሳብ መዝጊያ ነው፣ ሂሳቡ ጎደለ፣ እሱ ተሸጠ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

በ2025 ከእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ተስፋ ያለውን ልጅ በኳስ ምክንያት ከሸጣችሁት እሺ። ሂሳብ ለመሙላት ግን አይሸጥም። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ፦
ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ባትሸጡት ምን ይፈጠር ነበር? ያኔ በነበረው የሊጉ የፋይናንስ ሕግ፣ ፒኤስአር በሚባለው፣ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም ነበር። ኤቨርተን ይህን ጥሶ በ2023 ኖቬምበር 10 ነጥብ ተቀነሰበት። በይግባኝ ወደ 6 ቢወርድለትም ዓመቱን ሙሉ ሲንገላታ ነው የከረመው። እናንተም ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ ቅጣቱን መቀበል፣ ወይ ኮከቦቻችሁን ኢሳክን ወይም ብሩኖ ጊማሬሽን መሸጥ። ክለቡ ገና ቋሚ ያልሆነውን ልጅ ሸጠ።

ውጤቱንም እይ። በማርች 2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ረትታችሁ ካራባኦ ካፕን አነሳችሁ። ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ዋንጫችሁ ነው። ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ሳትሸጡ ያቆያችሁት ኢሳክ ነው። ይሄን ዋንጫ በአንደርሰን ትለውጠዋለህ?

የኒውካስል ደጋፊ፦
አልለውጠውም። ግን የመጀመሪያዋን ጎል ማን እንዳገባ ለምን ዘለልከው? ዳን በርን ነው። እሱም የአካባቢው ልጅ ነው። በልጅነቱ አካዳሚያችን አሰናብቶት፣ ስንት ክለብ ዞሮ፣ በ2022 ከብራይተን በገንዘብ ገዝተን መለስነው። ያ ጎል ለእኔ የሚያሳየው የአካባቢውን ልጅ መያዝ ዋጋ እንዳለው ነው።

ኢሳክን ለማቆየት ነው ካልክ ደግሞ ኢሳክ ራሱ በሴፕቴምበር 2025 በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል ሄደ። አንድ ዓመት ነው የገዛነው። አንደርሰን ግን ቢያንስ አሥር ዓመት መሀል ሜዳችንን የሚይዝ ልጅ ነበር።

የቼልሲ ደጋፊ፦
ስሜቱን ለአፍታ እናቆየውና ሂሳቡን እንየው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክለቡ በ50 ሚሊዮን ተጫዋች ገዝቶ የ5 ዓመት ኮንትራት አስፈረመው እንበል። መዝገብ ላይ በየዓመቱ የሚያዘው ወጪ 10 ሚሊዮን ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በመዝገብ የቀረው ዋጋ 30 ሚሊዮን ይሆናል። በ35 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፉ 5 ሚሊዮን ብቻ ነው።

አካዳሚ ያደገ ልጅ ግን በመዝገብ ዋጋው ዜሮ ነው። በ35 ሚሊዮን ሲሸጥ 35ቱም ትርፍ ነው፤ ያውም ሙሉው በዚያው ዓመት ይመዘገባል። አሁን ወደ ግዢው ተመለሱ። 35 ሚሊዮን ትርፍ በ5 ዓመት ኮንትራት የ175 ሚሊዮን ፓውንድ ግዢን የመጀመሪያ ዓመት ወጪ ይሸፍናል። ዳይሬክተሮቹ ገንዘብ ሲያጥራቸው ዓይናቸው መጀመሪያ አካዳሚው ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

እኛም ቀምሰነዋል። ከአካዳሚያችን የወጣው ማውንት በ2023 ሲሸጥ ኮንትራቱ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱን እረዳለሁ። ጋላገርን ግን አልረዳም። በ2023/24 አብዛኛውን ጨዋታ አምበል ሆኖ የመራን ልጅ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸጠ። ሰው እስኪሰለቸው ድረስ የሚሮጥልን፣ ክለቡን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወድ ተጫዋች ነበር። እንደዚያ ያለ ልጅ በማን እንደሚተካ ቀድሞ የሚጠይቅ የለም።

የሊቨርፑል ደጋፊ፦
ሁላችሁም የተሳካላቸውን ብቻ ነው የምትቆጥሩት። ሪያን ብሩስተርን ታስታውሳላችሁ? በ2017 እንግሊዝ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስትወስድ በ8 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ የነበረው። ሁላችንም የነገው አጥቂያችን ነው እንል ነበር። በ2020 በ23.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሸፊልድ ዩናይትድ ሸጥነው፣ መልሶ የመግዛት መብትም አስገባንበት። በዚያ ዓመት በሊጉ አንድ ጎል እንኳ አላገባም፤ ቡድኑም ወረደ። በዚያው መስኮት ያስፈረምነው ጆታን ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ምን ያህል ጎል እንዳገባልን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ተስፋ ያለው ሁሉ ይያዝ ማለት አይቻልም። አብዛኞቹ አይደርሱም። ክለቡ በየቀኑ በልምምድ ያያቸዋል፤ እኛ የምናየው በሳምንት አንዴ ነው።

የአርሰናል ደጋፊ፦
ክለቡ በየቀኑ እያየም ይሳሳታል። ሰርጅ ኛብሪን በ2016 ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለቨርደር ብሬመን ለቀቅነው። በዓመቱ ባየርን ወሰደው። በ2019 ቶተንሃምን በሜዳው 7 ለ 2 ሲያደባዩት 4ቱን ያገባው እሱ ነው። በ2020 ቻምፒየንስ ሊግ በላ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ የተነገረ ይመስለኛል።

በ2020 ከአካዳሚያችን የወጣው የሳካ ኮንትራት ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው የነበረውን ጭንቀት የማይረሳ የአርሰናል ደጋፊ የለም። ያኔ ገንዘብ ይሻላል ብለን ቢሆን ዛሬ ያለው ቡድን አይኖርም ነበር። በእሱ ዋጋ ሌላ ሳካ የሚሸጥልን ክለብ የለም።

የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ፦
እህቴ፣ ኛብሪን ካነሳሽ የኛ አካዳሚ ልጅ ፓልመር መምጣቱ አይቀርምና እኔው ላንሳው። አዎ፣ በ2023 ሴፕቴምበር 1 ቀን በ40 ሚሊዮንና 2.5 ሚሊዮን ተጨማሪ ክፍያ ለቼልሲ ሸጥነው። በመጀመሪያ ዓመቱ በሊጉ 22 ጎል አገባ፣ 11 አመቻቸ። ሁሉም ሰው ሲቲ ተሸወደ አለ። ግን እኛ ያን ዓመት ሊጉን ለ4ኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰድን። ፎደን፣ በርናርዶ፣ ደ ብሩይነ ባሉበት ቡድን ልጁ ደቂቃ ፈለገ። ጋርዲዮላ ራሱ፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ልሂድ ሲል እንደነበር ተናግሯል። መጫወት የሚፈልግን ልጅ ወንበር ላይ አስሮ ማስቀመጥ ፍቅር አይደለም።

የኒውካስል ደጋፊ፦
ይሄ ነው በኳስ ምክንያት መሸጥ የምለው። ልጁ ጠየቀ፣ ቦታው ሞልቷል፣ ሄደ። ፓልመር ላይ አልከራከርህም። አንደርሰን ግን ቦታ ነበረው። በ2023/24 በጀርባ ጉዳት ወራት አለፈው እንጂ ሲመለስ ይጫወት ነበር። ሁለቱን አታመሳስልብኝ።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ፦
ልጁንም ማሰብ አለብን። ስኮት ማክቶሚኔይ ከልጅነቱ ጀምሮ የኛ ነበር። በ2024 ክረምት ወደ 25 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ወደ ናፖሊ ሄደ። በመጀመሪያ ዓመቱ ሴሪኣውን በላ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። እኛ ዘንድ ቢቆይ አንዴ አማካይ፣ አንዴ ተከላካይ፣ አንዴ በመጨረሻ 10 ደቂቃ ለጭንቅላት ኳስ የሚገባ ሆኖ ይቀር ነበር። ደጋፊ የኔ ልጅ ነው ሲል ልጁ ምን አገኘ ብሎም ይጠይቅ። አንደርሰንም በፎረስት በየሳምንቱ ስለተሰለፈ ነው ለብሔራዊ ቡድን የደረሰው።

የፎረስት ደጋፊ፦
እውነት ነው፣ እኛ ዘንድ ቦታ አግኝቷል። ግን ስለ ጁን 30 የምትነጋገሩት ነገር እኛን ይመለከታልና አንዴ ስሙኝ። እኛ የኒውካስልን ተቃራኒ አድርገን ነው የተቀጣነው።

ብሬናን ጆንሰን ከ8 ዓመቱ ጀምሮ የኛ ልጅ ነው። በ2023 ሂሳባችን ሳይሞላ ጁን 30 አለፈ። ክለቡ ልጁን በርካሽ መሸጥ አልፈለገም፣ ጠበቀ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ቶተንሃም 47.5 ሚሊዮን ከፈለ። ጥሩ ዋጋ ነው። ቀኑ ግን አልፏል፤ ገንዘቡ ለዚያ ዓመት ሂሳብ አልተቆጠረልንም። ክለቡ ቸኩለን ብንሸጥ ኖሮ ዋጋው ይወርድ ነበር ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩን ያየው ኮሚሽን አልተቀበለውም። በማርች 2024 4 ነጥብ ተቀነሰብን፣ ያውም ላለመውረድ በምንታገልበት ሰዓት። ልጁንም ነጥቡንም አጣን። ጆንሰን በ2025 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ብቸኛዋን ጎል አግብቶ ለቶተንሃም ዋንጫ ሲያመጣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ስለዚህ ኒውካስል ቢጠብቅ ኖሮ የምትሉ፣ መጠበቅ ምን እንደሚያስከፍል እኛን ጠይቁን።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ፦
ያችን ጎል ባታነሳት ይሻል ነበር። ፍጻሜውን የተሸነፍነው እኛ ነን።

የቼልሲ ደጋፊ፦
የፎረስቱ ወንድማችን ያለው ለእኔ የኒውካስሉን ክርክር ያጠናክረዋል። ችግሩ አንድ ክለብ አይደለም፣ ቀኑ ነው። የ2024ን ጁን አስታውሱ። ኤቨርተን ሉዊስ ዶቢንን ለአስቶን ቪላ ሸጠ፣ ቪላ ደግሞ ቲም ኢሮግቡናምን ለኤቨርተን ሸጠ። እኛም ማትሰንን ለቪላ ሰጥተን ኬሊማንን ከቪላ ወሰድን። ሁሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ። ዶቢን የቪላን ማሊያ ለብሶ በሊጉ ሲጫወት ያየ አለ? እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ቤት ይቀይራሉ፣ ቤተሰብ አላቸው።

የኒውካስል ደጋፊ፦
እኛም ያን ሳምንት ከፎረስት በረኛ ገዛን። ቭላኮዲሞስ ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት። በ2024/25 በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ በቀጣዩ ዓመት በውሰት ወደ ሴቪያ ሄደ። ሚንቴህንም ለዋናው ቡድናችን አንድ ጨዋታ ሳያደርግ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ለብራይተን ሸጥነው። ሚንቴህን እቀበላለሁ፤ በርካሽ ገዝተን ያተረፍንበት ነው። አንደርሰንን ሸጦ ወንበር የሚያሞቅ በረኛ መግዛትን ግን በምን እንደምቀበለው ንገሩኝ።

የሪያል ማድሪድ ደጋፊ፦
ለምን መልሶ የመግዛት መብት አታስገቡም? ካርቫኻልን በ2012 በ5 ሚሊዮን ዩሮ ለሌቨርኩሰን ሸጥነው። አንድ ዓመት ተጫውቶ በስሎ በ6.5 ሚሊዮን መለስነው። 6 ቻምፒየንስ ሊግ በላ፤ በ2024 ፍጻሜ ዶርትሙንድ ላይ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባውም እሱ ነው። ሞራታንም በ20 ሚሊዮን ለዩቬንቱስ ሸጠን በ30 መልሰነዋል። መሸጥ ማለት የግድ መሰናበት አይደለም።

የሊቨርፑል ደጋፊ፦
እሱ ለማድሪድ ይሠራል። ሁሉም ልጅ ወደ ማድሪድ መመለስ ይፈልጋል። ሌላው ክለብ ጁን 28 ላይ ሂሳቡ ጎድሎ ስልክ ሲደውል ገዢው ያውቅበታል። ያን ሰዓት መብት ይግባልኝ ብትለው ዋጋውን ይቀንስብሃል።

የአርሰናል ደጋፊ፦
ቢያንስ ከቀጣዩ ሽያጭ ድርሻ ይግባ። ሲቲ ሳንቾን በ2017 ለዶርትሙንድ ሲለቀው 15 በመቶ አስገብቶ ነበር። በ2021 ዩናይትድ 73 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል ሲቲም ድርሻውን አገኘ። ልጁን ካጣን እንኳ ላሳደገው አካዳሚ የሚመለስ ነገር ይኖራል።

የኒውካስል ደጋፊ፦
ሁለቱንም እደግፋለሁ፤ ግን ሕጉ ራሱ መነካት አለበት። አስቡት። ክለብ ለአካዳሚ የሚያወጣው ገንዘብ በዚህ ሕግ ከኪሳራ አይቆጠርም፤ ልጆች እንዲያድጉ ተብሎ ነው የተደረገው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጁ አድጎ ሲሸጥ ግን ሙሉ ዋጋው ትርፍ ሆኖ ይገባል። ሕጉ አሳድጉ ብሎ ጀምሮ ሽጡ ብሎ ይጨርሳል። ግዢ በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ከተመዘገበ የአካዳሚ ልጅ ሽያጭም እንደዚያው ይከፋፈል። 35 ሚሊዮኑ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ሆኖ ይግባ። ያን ጊዜ ልጁን መሸጥ የጁን 30ን ቀዳዳ አይደፍንም።

የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ፦
ያን ጊዜስ ቀዳዳውን ለመድፈን ሦስት ልጅ ቢሸጡስ?

የኒውካስል ደጋፊ፦
ሦስት ልጅ 21 ሚሊዮን ነው፤ አሁንም አይሞላም። የገዙትን ውድ ተጫዋች ለመሸጥ ይገደዳሉ። ወይም መጀመሪያውኑ ሲገዙ ይጠነቀቃሉ።

እኔ የምፈራው ቀጣዩን ነው። ሉዊስ ማይሊ አለን። በኖቬምበር 2023፣ በ17 ዓመቱ፣ ፓሪስ ላይ ከፒኤስጂ ጋር በቻምፒየንስ ሊግ ቋሚ ሆኖ የተሰለፈ፣ የዚሁ አካባቢ ልጅ። በመዝገብ ዋጋው ዜሮ ነው። አንድ ጁን ላይ ሂሳብ ቢጎድል መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ ነው። ክለቡ ከአሁኑ ረጅም ኮንትራት ይስጠው፣ ያጫውተው። ሂሳብ ከጎደለም መጀመሪያ የሚሸጡት በውድ የገዟቸውን ይሁን።