የ12ኛ ክፍል ልጆች ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት እንዲመርጡ በሦስት ክፍለ ጊዜ ምን ላስጨብጣቸው? (ጎንደር)

ጥያቄ፦ ሆምሩም

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ልጆች ሆምሩም ነኝ። ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ እንዳስረዳቸው ሦስት ክፍለ ጊዜ ተፈቅዶልኛል፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። ለመነሻ የሚፈልጉትን በወረቀት ባስጽፋቸው ግማሽ ያህሉ «ሜዲስን»፣ ከቀሩት አብዛኞቹ «ሶፍትዌር» አሉ፤ «ቤተሰብ ያለውን» ብለው የጻፉም አሉ። ሁለተኛ ምርጫ ያስቀመጠ የለም ማለት ይቻላል። ምርጫው መቼ እንደሚወሰን፣ ክፍለ ጊዜዎቹን በምን ብሞላቸው እንደሚሻል፣ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የቱ ላይ እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ። «ፍላጎታችሁን ተከተሉ» የሚለውን እኔም እነግራቸዋለሁ፤ የሚጠቅመኝ ከዚያ ያለፈ ነገር ነው።

መልስ፦ የምደባ ጉዳይ

መምህር፣ ከሁሉ በፊት ልጆቹ ፈተናውን እንዳለፉ የሚመርጡት ዩኒቨርሲቲ እንጂ ዲፓርትመንት አለመሆኑን ያስረዷቸው። ግራ መጋባቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይሞላሉ፤ ከተመደቡ በኋላ ፍሬሽማን የሚባለውን የጋራ ትምህርት ይጀምራሉ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ማትስ፣ ጂኦግራፊ፣ ፊዚክስ... ሐኪም እሆናለሁ ያለውም ኢንጂነር እሆናለሁ ያለውም አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት። በመሐል ናቹራሎቹ ኢንጂነሪንግ፣ ጤና እና ሌላ የተፈጥሮ ሳይንስ ተብለው ይለያሉ፤ ዲፓርትመንት ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። አሠራሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የገቡ ታላላቆች ቤት ውስጥ የሚሰጡት ምክር ለዛሬው ልጅ ብዙም አይሠራም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ነገር፣ ዩኒቨርሲቲው የሌለውን ዲፓርትመንት ሊሰጥ እንደማይችል ነው። ኦፕቶሜትሪ (የዓይን እይታ ምርመራ) ወይም ፊዚዮቴራፒ የሚፈልግ ልጅ እነዚህን የሚያስተምሩት ጥቂት መሆናቸውን አውቆ ጎንደርን ከላይ ያስቀምጥ። ጨርቃጨርቅ ወይም ማሪን ኢንጂነሪንግ የሚል ባሕር ዳርን፣ በውሃ ምሕንድስና መግፋት የሚፈልግ በዚሁ ስሙ የተነሣውን አርባ ምንጭን፣ ደን የሚል ወንዶ ገነትን በሥሩ የያዘውን ሐዋሳን ይይ። የእኛ ልጆች ከቤት ላለመራቅ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ብለው ይደረድራሉ። ቅርበት ከንቱ ምክንያት ነው አልልም፤ ግን የሚፈልጉት ዲፓርትመንት በአራቱም መኖሩን ከየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ሳያዩ አይሙሉ።

በዚህ መስመር የማይሄዱም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው የራሱን መግቢያ ፈተና ሰጥቶ ነው፤ ምዝገባውም በራሱ በኩል ነው። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ ናቹራል ብቻ ነው የሚገባው። ማስታወቂያቸውን ያልተከታተለ ልጅ ቀኑ ያልፍበታል።

ሁለተኛው ነገር፣ ፍሬሽማን ላይ የሚያመጡት ግሬድ ከማትሪኩ እኩል ሊመዘን መቻሉ ነው። ክብደቱን የሚወስነውና የሚያሳውቀው ዩኒቨርሲቲው ነው። ለምሳሌ ያህል 50 ለ50 ቢሆን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ያሳዩዋቸው፦

ተማሪ ሀ፦ ማትሪክ ከ600 420፣ ፍሬሽማን ጂፒኤ 2.9። 420 ለ600 ተካፍሎ በ50 ሲባዛ 35፤ 2.9 ለ4 ተካፍሎ በ50 ሲባዛ 36.25። ድምር 71.25።

ተማሪ ለ፦ ማትሪክ 380፣ ጂፒኤ 3.4። 31.67 እና 42.5፤ ድምር 74.17።

በማትሪክ 40 ነጥብ የቀደመው ልጅ ዲፓርትመንቱን ተቀማ ማለት ነው። «ገብቻለሁ፣ አሁን ልረፍ» የሚል ልጅ ሜዲስንን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሎጂክና ጂኦግራፊ «የማያስፈልጉ» እየተባሉ ይናቃሉ፤ ክሬዲታቸው ግን ከማትሱ ጋር እኩል 3 ነው፤ ሲ ከመጣባቸው እኩል ይጎትታሉ።

ሆምሩም

በጣም አመሰግናለሁ፤ ስሌቱን እንዳለ እወስደዋለሁ። ታዲያ ዲፓርትመንቱ ያን ያህል የሚዘገይ ከሆነ አሁን ስለ እሱ ማውራቱ ጥቅም አለው?

መልስ፦ ካሪኩለም

አለው እንጂ፣ ወንድማለም። ግሬድ ከተለቀቀ በኋላ ፎርሙን ለመሙላት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ያን ጊዜ ዶርም ውስጥ በወሬ ነው የሚሞላው።

ልጆቹን የዲፓርትመንት ስም አያስመርጧቸው፤ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችን ዝርዝር ያስነብቧቸው። አንደኛ ዓመት የጋራ ስለሆነ ስለ ሙያው የሚናገረው ነገር የለም። «ሶፍትዌር» ያሉትን ይውሰዱና አምስት ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ። ልጆቹ አምስቱንም አንድ ያደርጓቸዋል። ኮምፒውተር ሳይንስ ዲስክሪት ማትስ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፓይለር ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ መስሎት የገባ ኮምፓይለር ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፤ ኮዱ ላይ የፍላጎት ትንተና፣ ዲዛይን፣ ፍተሻና የፕሮጀክት አመራር ይጨመርበታል። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወደ መሥሪያ ቤት አሠራርና ዳታቤዝ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወደ ኔትወርክና ሰርቨር ያደላሉ። ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ ደግሞ በጤናው በኩል የሚሰጥ ነው፤ ባዮስታቲስቲክስና ኤፒዲሚዮሎጂ አለበት፤ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚያስገቡበትን ዲኤችአይኤስ ቱ የመሰለ ሥርዓት ላይ መሥራት ነው። ባዮሎጂም ኮምፒውተርም ለሚወድ ልጅ ጥሩ ቦታ ሆኖ ሳለ ስሙን የሰማ ጥቂት ነው።

ስታቲስቲክስም እንዲሁ ይረሳል። ካልኩለስና ፕሮባቢሊቲ የማይከብደው ልጅ ካለ በእኔ ግምት ከአምስቱ ጋር ስድስተኛ አድርገው ይጻፉት።

ለክፍሉ ሥራ የሚሆን፦ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምር። የዲፓርትመንቱ ስም፤ ሦስት የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች፤ ተመራቂው በተራ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው፤ ልጁ እስካሁን በየትኛው ትምህርት ጥሩ ውጤት እንዳለው። ስድስት ዲፓርትመንት ይሙላ፤ ሁለቱ ሊደርስባቸው የሚከብዱ፣ ሁለቱ እኩያው፣ ሁለቱ ያለ ጥርጥር የሚያገኛቸው ይሁኑ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት ረድፍ ልጁ ስሙን እንጂ ሥራውን እንደማያውቅ ይነግርዎታል። ሜዲስን ላይ ብዙዎቹ «ሰው ማከም» ብለው ያልፋሉ፤ የሌሊት ተረኛነትን፣ ኢንተርንሺፑን ጨምሮ ከ6 ዓመት የማያንሰውን ጊዜ ያስጽፏቸው።

የ12 ሶሻል

ይቅርታ በመሐል ገባሁ። እኔ ሶሻል ነኝ፤ ማትስ አልወድም፤ ኢኮኖሚክስ ልግባ ብዬ አስቤ ነበር። ይሆናል?

ካሪኩለም

እታለም፣ ከማትስ ለመሸሽ ኢኮኖሚክስ መግባት ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው። ማትስ ለኢኮኖሚስቶች፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ ሁሉም አሉበት፤ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ራሱ በዲሪቬቲቭ የሚሄድ ነው። አካውንቲንግ ቁጥር ቢበዛበትም አራቱን ስሌት በጥንቃቄ መሥራት ነው፤ ካልኩለስ የሚፈራ ሰው ይችለዋል። ማኔጅመንት የበለጠ ቀላል ነው። ሕግ 5 ዓመት ነው፤ ብዙ ገጽ በእንግሊዝኛ ማንበብ የማይሰለችሽ ከሆነ ተመልከችው። ሳይኮሎጂም ውስጥ ስታቲስቲክስ እንዳለ ልብ በይ።

መልስ፦ ላብ ኮት

ስለ ጤናው ልጨምር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 (እ.ኤ.አ.) በጤና ማሠልጠኛነት የተጀመረ ስለሆነ የዘርፉ ዓይነት ብዙ ነው፦ ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ አነስቴዢያ፣ ፋርማሲ፣ የሕክምና ላብራቶሪ፣ ኦፕቶሜትሪ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የአካባቢ ጤና፣ ሌላም። መምህር፣ «ሜዲስን ካልሆነ ነርስ» የሚለውን ያስተዋቸው፤ በመካከሉ ያለው ብዙ ነው። ቴዎድሮስ ግቢ ያለው የእንስሳት ሕክምናም ባዮሎጂ ለሚወድ ልጅ አማራጭ ነው።

አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር የቀለም እይታ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ልጅ ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም። ላብራቶሪ ውስጥ በግራም ስቴይን (ባክቴሪያን አቅልሞ መለያ ዘዴ) ወይን ጠጅ የሆነው ባክቴሪያ አንድ ወገን፣ ሮዝ የሆነው ሌላ ወገን ነው፤ መለየት ካልቻለ ውጤቱ ይሳሳታል። በኤሌክትሪካልም የሬዚስተር ዋጋ የሚነበበው በቀለም ቀለበት ነው። የዓይን ክፍል ባለው ጤና ተቋም በቁጥር ሰሌዳ በደቂቃዎች ይመረመራል። ሌላው የደም ፍርሃት ነው፤ ይህኛው ግን ብዙዎችን በልምድ ስለሚለቃቸው በእሱ ብቻ ጤናን አያስጥሏቸው።

ከምረቃ በኋላም ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የየትኛውም ዲፓርትመንት ተመራቂ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና በላይ ማምጣት አለበት፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ በዚያ ላይ የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቀዋል።

እናት ከአዘዞ

እኔ የምጠይቀው ስላላለፉት ነው። ልጅ ሁሉ የሚያልፍ ይመስል ስለ ሜዲስን ብቻ ታወራላችሁ።

የምደባ ጉዳይ

እውነትዎን ነው፣ እትዬ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ስለዚህ መምህር፣ ከሦስቱ አንዱን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይስጡት። ከግማሽ በታች ያመጡት፣ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ካለፉ፣ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ። ናቹራሉ እንግሊዝኛ፣ ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል፤ 30 ከመቶ በተቋሙ፣ 70 ከመቶ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይያዛል፤ 50 ያመጣ ፍሬሽማን ይገባል። የማዕከሉ ፈተና ክብደቱ ስለሚበዛ በአሳይንመንት ብቻ ማለፍ የለም።

ከመቁረጫው በታች ለሆኑት ቴክኒክና ሙያ አለ፤ የግል ኮሌጅም አለ። ለግል ኮሌጅ ብር ከመክፈልዎ በፊት የእውቅና ፈቃዱን ያጣሩ፤ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለነርሲንግ የተፈቀደለት ተቋም ጎንደር ላይ በዚያው ወረቀት ማስተማር አይችልም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን ቦታና የሚያበቃበትን ቀን አይተው፣ ከባለሥልጣኑ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩት።

ሆምሩም

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ መጀመሪያ የምደባውን መንገድና ስሌቱን፣ ቀጥሎ አራቱን ዓምድ፣ መጨረሻ ላይ ሪሚዲያልና ሌላውን አደርጋለሁ።

ላብ ኮት

እኔ ብሆን አራቱን ዓምድ አስቀድማለሁ። ስሌት መጀመሪያ ካዩ ልጆቹ «የኔ ውጤት ለየት ይበቃል?» ወደሚለው ብቻ ይሄዳሉ።

ካሪኩለም

እኔ ደግሞ በመምህሩ ቅደም ተከተል እስማማለሁ፤ መንገዱን ሳያውቁ ወረቀቱን ለምን እንደሚሞሉ አይገባቸውም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ግን ቢያንስ ሳምንት ይተዉላቸው። የኮርስ ዝርዝር የሚያፈላልጉት፣ ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ የሚማር የሠፈር ልጅ የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው። ሲጠይቁም «ጥሩ ነው ወይ?» አይበሉ፤ «ባለፈው ሴሚስተር የከበደህ ኮርስ የቱ ነው? ስንት ሰዓት ላብ አለህ?» ይበሉ።

የ12 ሶሻል

ፎርሙን ስንሞላስ መጠንቀቅ ያለብን ምንድን ነው?

የምደባ ጉዳይ

ወረፋው የሚበዛውና መስመሩ የሚጨናነቀው በመጨረሻው ቀን ነው፤ አትጠብቂው። ቅደም ተከተሉን አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊው፤ ኢንተርኔት ቤት ገብተሽ አታስቢ። ስምሽ በፈተና መግቢያሽ ላይ እንደተጻፈው መሆኑን እዪ፤ የተሳሳተ ፊደል ካለ በትምህርት ቤትሽ በኩል ቶሎ አመልክቺ። የጤና ችግር ካለብሽ የመንግሥት ሆስፒታል የቦርድ ማስረጃ አስቀድመሽ አዘጋጂ፤ ምደባ ከወጣ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። ሞልተሽ ስትጨርሺ ወጥተሽ እንደገና ግቢ፤ ምርጫሽ እንደሞላሽው ካለ ስክሪንሾት አንሺ። የይለፍ ቃልሽን ለጓደኛም ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅም አትተዪ፤ ተነሥተሽ ስትሄጂ ከአካውንትሽ ውጪ። በቴሌግራም «ምደባ እናስቀይራለን» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።